በሰሌዳው ላይ እንደሚታየው

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የቀሪ ደብተር ጸሐፊ ነበርኩ። የቀሪ ደብተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከትምህርት ቤታችን ውጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ትምህርት ቤቱ ቦንጋ ውስጥ ነበር፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር፣ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚመሩት። የምንማረው ግን እንደማንኛውም ትምህርት ቤት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። መንግሥት ተለውጦ አዳዲስ መጻሕፍት የገቡበት ጊዜ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ታትሞ ይመጣል፤ መምህሩ በአማርኛ ያብራራል፤ ያልገባንን ደግሞ በእረፍት ሰዓት በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ እንጠያየቃለን። እኔ ካፊኖኖ የለመድኩት ሱቃችን ውስጥ ከደንበኞች ነው። አባቴ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ባለሱቅ ነበር። ጎረቤት ነጋዴዎች «ልጅህን ለመነኩሴዎች ሰጠሃት አሉ» እያሉ ሲነካኩት፣ «ማታ ማታ ይመልሱልኛል» ይላቸው ነበር።

በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ ከጫካ ቀበሌዎች የሚመጡ ልጆች ይቀራሉ። ለቀማው እጅ ይፈልጋል፤ የቤተሰቡ የዓመት ኑሮም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ቦታ እነዚህ ልጆች ስማቸው ከመዝገብ ይሰረዝ ነበር። የእኛ ርዕሰ መምህርት የነበሩት ሲስተር ግን ሌላ መላ ዘየዱ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ደብተር ተሰጠ። ጽሕፈቱ የሚነበብ አንድ ተማሪ ይመረጥና የየቀኑን ትምህርት በአማርኛ ይጽፋል። በገበያ ቀን ከቀበሌው የመጣ ሰው አንዱን ደብተር ይዞ ይሄዳል፤ ያለፈው ሳምንት ደብተር ደግሞ ይመለሳል። የመጨረሻዎቹ ገጾች የጥያቄ ናቸው፤ ቀሪው ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ይመልሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀሪዎቹ ተመልሰው የማካካሻ ፈተና ይቀመጣሉ።

በዚያ ዓመት ከክፍላችን ከቀሩት አንዷ አብራኝ የምትቀመጠው፣ ማንኪራ ከሚባለው የጫካ ቀበሌ የመጣች ልጅ ነበረች። በትምህርት ቀናት ቦንጋ አክስቷ ቤት ታድራለች፤ ዓርብ ዓርብ ወደ ማንኪራ ትመለሳለች። ዝምተኛ ናት፤ ሒሳብ ላይ ከእኔ ትሻላለች። ወደ እኛ ትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት በለቀማ ምክንያት አምስተኛ ክፍልን ደግማ ነበር። ለምዝገባ የመጡ ዕለት አባቷ ለሲስተር በግልጽ ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል።

«አንድ ጊዜ ደግማለች። ሌላ ጊዜ ከደገመች ግን ከእኛው ጋር ቡናዋን ትልቀም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ቤት ውስጥ ያለውን እጅ ቆጥረው ነው የተናገሩት።

እኔ በጽሕፈቴ ኩራተኛ ነበርኩ። ርዕስ በቀይ እጽፋለሁ፤ በማስመሪያ አሰምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተር ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «የትራፒዚየም ስፋት የሚገኘው በሰሌዳው ላይ እንደሚታየው ነው።» ደብተሩ ሲመለስ በጥያቄው ገጽ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ «ሰሌዳው ላይ ምን ይታያል?»

የቀለደችብኝ መሰለኝ። በዕለቱ በሚላከው ደብተር ላይ «ሥዕል» ብዬ መለስኩ። ለልጆቹም አሳየሁና ሳቅን።

ሲስተር ዓርብ ዓርብ ደብተሮቹን ያነቡ ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ለሥራ ወደ ዋጫ ከተማ ስለሄዱ ማንም አላያቸውም። በሦስተኛው ዓርብ ተመልሰው በእጃችን ያለውን ደብተር አነበቡና ከክፍል አስጠሩኝ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ሲስተር።»

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉና ጠመኔ ሰጡኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ ነበርን። «በይ ሣዪው።»

«ምኑን ሲስተር?»

«የሚታየውን።»

አራት ጎን ያለው ቅርጽ ሣልኩ። ቁመቱ የትኛው እንደሆነ ለማመልከት ስነሣ እጄ ቆመ። ከጎኑ ያለው ዘንበል ያለ መስመር ይሁን ወይስ መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው፣ ማስታወስ አልቻልኩም።

«ረሳሁት» አልኩ።

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ረሳሽው። እሷ ከየት ታምጣው?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ፈተናው ማክሰኞ ነው። የሁሉም ክፍል ቀሪዎች አብረው ስለሚፈተኑ አላዘዋውረውም። ከወደቀች አባቷ ያሉትን ታውቂያለሽ።»

የሒሳብ መምህራችን ከሰዓት በኋላ ሁሉ አብሮኝ ተቀምጦ የሦስቱን ሳምንት ሥዕሎች ከትምህርት ዕቅዱ እያወጣ አንድ በአንድ አሣለኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ የሆነውን ስነግረው፣

«ሥዕል ብለሽ መለስሽላት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ደንበኛ ስኳር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ከረጢት አለ ብለው፣ ምን የሚለኝ ይመስልሻል?»

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ስለነበር ከሱቁ መነቃነቅ አይችልም። ደብተሩን ለገበያ በሚመጡት እናቷ እንላከው ስለው፣ «ደብተር ብቻ ከላክሽማ ያው ነው፤ የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ ይኑር» አለ። እሑድ ማለዳ ሱቁን ለእናቴ ትቶ ይዞኝ ወጣ።

አባቴ የማንኪራ ሰዎችን ለዓመታት ጨውና ጨርቅ ሲሸጥላቸው ኖሯል፤ አገራቸውን ግን ረግጦት አያውቅም። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በቅሏል፤ ከላይ ቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ወንዝ ስንሻገር አባቴ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ነው ለካ ዋጋ የሚከራከሩኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ከማንኪራ ሰው ጋር ሲከራከር አላየሁትም ብል ግን ዋሸሁ። ይከራከር ነበር።

ስንደርስ ልጅቱ የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማ ቀዩን ቡና ታገላብጣለች። ጣቶቿ በቡናው ልጣጭ ጠቁረዋል። አየችኝና፣

«ሥዕል መጣች» አለች።

ይህ ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ አልለቀቀኝም።

ይቅርታ ለመጠየቅ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። እሷ አላስጨረሰችኝም፤ ቤት ገብታ የራሷን ደብተር ይዛ መጣች። ገጹን ስትገልጠው አራት የተለያዩ ትራፒዚየሞች ተሥለዋል። አንዱ ላይ ቁመቱ ዘንበል ያለው ጎን ነው፣ ሌላው ላይ ከጥግ ጥግ የተሰመረ መስመር ነው፤ ሌሎቹም እንዲሁ ይለያያሉ። ከእያንዳንዱ ሥር «እንዲህ ከሆነ» ተብሎ ስፋቱ እስከ መጨረሻው ተሠርቷል። ሰሌዳው ላይ ሊኖር ይችላል ያለችውን ሁሉ ሣላ፣ ሁሉንም ሠርታለች። እኔ አንዱን አይቼ ረሳሁ፤ እሷ ምንም ሳታይ አራት አዘጋጅታ ጠበቀች።

አባቷ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጎንበስ ብለው ሥዕሎቹን ያዩ ነበር።

«የትኛው ነው ልክ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሦስተኛው ነው ጋሼ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ ሌሎቹን ለምን ደከምሽባቸው?»

«የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝማ» አለች።

አባቷ ደብተሩን ተቀብለው ለአባቴ አሳዩት። አባቴም ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እንደሚያይ ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተው። ከዚያ አባቷ ለእናቷ በካፊኖኖ የሆነ ነገር ተናገሩ። ከዋጋና ከቁጥር ያለፈ ካፊኖኖ ለማያውቀው አባቴ ተረጎምኩለት፦ የቀረውን እኔ እለቅማለሁ፤ ዛሬውኑ ከእነሱ ጋር ትሂድ።

እናቷ ማር በቅል አድርገው ለአባቴ ሰጡት። እኛ ሁለታችን ከፊት ከፊት ሄድን። እስከ ቦንጋ መግቢያ ድረስ ጥያቄ አላቋረጠችም። የአበባ ክፍሎች፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም፣ መምህሩ አጽንቶ የነገረን የቱ እንደሆነ ትጠይቃለች። መንገድ ላይ ቆመን ለስላሳ አፈር ባገኘን ቁጥር በእንጨት እሥልላት ነበር። አባቴ ሥዕሉን እንዳይረግጥ ዞሮ ያልፋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላም መምህራችን ለቀሪዎቹ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጠ፤ እኔም ሲስተር ባዘዙኝ መሠረት ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ።

ማክሰኞ ተፈተነች። ውጤቱ በሳምንቱ ሲለጠፍ አልፋለች። በሒሳብ፣ ክፍል ሳልቀር የተማርኩትን እኔን በልጣለች። እውነቱን ለመናገር የተሰማኝ ቅናት አልነበረም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ለሚያነብ ሁሉ ስሟን በጣቴ እያመለከትኩ አሳየሁ። በዓመቱ መዝጊያ አባቷ ከማንኪራ ድረስ መጡ፤ የሪፖርት ካርዱን ከሲስተር እጅ ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ደግማለች የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ሲስተር ከጸሐፊነቱ ያወርዱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላወረዱኝም። በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር በእጄ አስጻፉኝ፦ «የሚያነበው ሰው ክፍል ውስጥ አልነበረም።» ኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ አለቆች ስለ አጻጻፍ ብዙ መክረውኛል። ከዚህ የሚበልጥ የነገረኝ የለም።

ስምንተኛ ክፍል አብረን ተቀመጥን። በዚያ ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ቀረሁ፤ የቀሪ ደብተሩን እሷ ተረከበች። አባቴ ወደ አልጋዬ ሲያመጣልኝ ገለጥኩት። እያንዳንዱ ሥዕል ሙሉ ነበር። መምህሩ የተናገረው ተጽፏል፤ ክፍሉ የሳቀበት ቦታ ሳይቀር ለምን እንደሳቀ ተብራርቷል። በየገጹ ከግራ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ ምንነቱ ያልገባኝ አጭር ጠማማ መስመር ነበር። በጥያቄው ገጽ ላይ የምጠይቀው ሌላ ነገር ስላጣሁ እሱን ጠየቅኳት።

ደብተሩ ሲመለስ መልሱ ተጽፏል። ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ለምን እንደሣለችው ተሽሎኝ ስመለስ ስጠይቃት፣

«ይታያላ» አለችኝ።