የእትዬ ዘርፌ የምግብ ሰሌዳ

ደብረ ታቦር ውስጥ አዲስ ከተከፈተ ሆቴል ለሠርግ ተጠርቼ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቫርኒሽ ሽታ ነው። ቀና ብዬ ባይ፣ በወርቃማ ፍሬም ገብቶ፣ መብራት በርቶለት፣ የእትዬ ዘርፌ የምግብ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደሜ ፈላ! ቤታቸው ለመንገድ ከፈረሰ ጀምሮ "ኧረ ያቺን ሰሌዳዬን ያያችሁ!" እያሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሴትዮ እኮ ናቸው። "አይዞዎት፣ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ" ያልኳቸውም እኔው ነኝ።

እትዬ ዘርፌ በልጅነቴ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስንኖር፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ምግብ ቤታቸው ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነው። ከደጋው ከገሳይ የመጣ መኪና ሲቆም መንገደኛው በብርድ እየተንዘፈዘፈ ይገባል። ቤቱ በርበሬ፣ ላምባና የረጠበ ጋቢ ይሸታል፤ ዛሬም ዝናብ የመታው ጋቢ ሲሸተኝ ይርበኛል። ሰሌዳው ደጁ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አረንጓዴ ሳንቃ ነበር። በአንዱ ፊት የፍስኩ ተጽፎበታል፦ የበግ ቅቅል፣ ዱለት፣ ፓስታ በሥጋ። በሌላው የጾሙ፦ ተጋቢኖ፣ ምስር፣ የድንች ወጥ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እትዬ ዘርፌ በርጩማ ላይ ወጥተው ወደ ጾሙ ይገለብጡታል። "ሰሌዳው ዞሯል!" ስትል እናቴ የወተቱን ጣሳ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።

ከሁለቱም ፊት ግርጌ ዋጋ ያልተጻፈለት አንድ መስመር ነበር፦ "ለአብነት ተማሪ፦ የተገኘው፣ በእመቤቴ ስም።" የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍለጋ አገራቸውን ጥለው የመጡት ተማሪዎች፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲሉ እትዬ ዘርፌ ደጅ አያቆሟቸውም። ከነጋዴው ጎን ያስቀምጧቸዋል። አንድ ቀን የእብናት ከብት ነጋዴ፣ "ደግሞ ከለማኝ ጋር ልብላ?" ብሎ ተኮሳተረ።

"እነሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፈዋል፤ ያልተጻፍክ አንተ ነህ" ብለው ትሪውን ከፊቱ አነሱበት። ወይ ወኔ! ሰውዬው ተነስቶ ወጣ።

አሁን ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያንን መስመር ብፈልግ የለም። ግርጌው በመጋዝ ተቆርጧል። ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት።

"ለፍሬሙ ረዘመብን፣ እማማ" አለኝ ከረባቱን እያስተካከለ። "የልመና ነገር ደግሞ ለእንግዳ ደስ አይልም። እኛ የድሮውን ባህል እያስተዋወቅን ነው።"

"የሰው ንብረት ገዝግዘህ ነው የምታስተዋውቀው? የሰሌዳው ባለቤት በሕይወት አሉ እኮ!"

"ከፍርስራሽ ነው ያነሳነው።"

ጉድ በል ያገሬ ሰው! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው። እየተነታረክን ሳለ ዘበኛው ሁለት ደበሎ ለባሾችን "ዞር በሉ፣ ሠርግ ነው!" እያለ በዱላ ከበሩ ሲያባርር አየሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! "አሁኑኑ ካላወረድከው ሙሽሮቹ ፊት እሪ እላለሁ" አልኩት። አወረደው። እህል ሳልቀምስ፣ ሰሌዳውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

እትዬ ዘርፌ ልጃቸው ቤት ጓሮ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሰሌዳውን ሲያዩ እልል አሉ፤ ሳሙት። ከዚያ እጃቸው ከግርጌው ደረሰና ቆመ።

"ምን ነካው?"

"ቆረጡት፣ እትዬ። ተማሪዎቹንም በዱላ ሲያባርሯቸው አየሁ። እስቲ ይርገሟቸው!" አልኩ። የእውነቴን ነው፤ እርግማናቸውን ለመስማት ቸኩዬ ነበር።

አልረገሙም። ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጆቹስ? በሉ?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ። እኔ እኮ ሰሌዳውን..."

"ጦማቸውን ሲባረሩ እያየሽ ሳንቃ ተሸክመሽ መጣሽ? ያንቺስ ቤት፣ ይሄ የሚሰቀልበት፣ ተማሪ የሚገባበት በር የለውም?"

ንዴቴ እዚያው አፌ ላይ ደረቀ። ሰሌዳውን መልሰው በነጠላዬ ጠቀለሉና አሸከሙኝ። ለሳቸው ላስረክብ የሄድኩት ሴት፣ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።