ጉንቮር ሐይቁ ላይ የወጣችበት ክረምት

ጉንቮር ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ አመላላሽ ነበረች። በእኛ መንደር በቢዮርሾ ያላንኳኳችው በር፣ ስሙን የማታውቀው ውሻ የለም። ጡረታ ስትወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነላትምና እኛን ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ሰብስባ ረቡዕ ረቡዕ ጫካ ውስጥ በስኪ፣ በረዶ ላይ በሚያንሸራትተው ረጅም እንጨት፣ ትነዳን ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት ነዳችን። እኔ ባርብሮ የመንደሩ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ረቡዕ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከኋላዋ እከተላለሁ።

በዚያ ዓመት ግን በረዶ አልወረደም። ዲሴምበርን ሙሉ ዘነበ፤ ከገና በኋላ ብርዱ መጣ እንጂ ነጩ በረዶ አልመጣም። የስኪ መንገዳችን ጭቃና የዛፍ ሥር ሆኖ ቀረ። ጨለማውም ባሰ። በረዶ መሬቱን ሲሸፍነው ቀኑ ቢያጥርም ብርሃን አለው፤ ያን ጊዜ ግን መሬቱም ሰማዩም ጠቁሮ ሰው ከቤቱ መውጣት አቆመ። ረቡዕ ሃያ ሆነን እንገናኝ የነበርነው መጀመሪያ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ አራት ሆንን።

መምጣት ካቆሙት አንዱ ሲክስተን ነበር። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያው የሠራ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሚስቱ በመከር ሞታበታለች። ጉንቮርና እኔ ልናየው ሄድን። እኩለ ቀን ላይ በሌሊት ልብሱ በሩን ከፈተልን። ጺሙ አድጓል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል።

"ረቡዕ ለምን ቀረህ?" አለችው ጉንቮር።

"ጭቃ ለመርገጥ? ጭቃማ ጓሮዬም ሞልቷል።"

"ሰው ለማየት ነዋ።"

"አንቺን ሠላሳ ዓመት አይቼሻለሁ፤ ይበቃኛል።" ከዚያ ሳቁ ጠፋና በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተ። ሐይቁ ረግቶ ግግር ሆኗል፤ በረዶ ስላላለበሰው ጥቁር መስታወት ይመስላል። "እዚያ ከሆነ እመጣለሁ። እኔና ሚስቴ ወጣት ሳለን ግግር ላይ የሚያንሸራትት ባለስለት ጫማ አድርገን እስከ ማዶ እንሄድ ነበር።"

ወደ ጉንቮር ዞር ብዬ ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል።

"እሺ፤ መጀመሪያ ግን ልለካው" አለች።

በማግስቱ ጠዋት መሰርሰሪያ፣ ገመድና ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ይዘን ወረድን። ዳር ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ባርብሮ፣ የምነግርሽን ለማንም እንዳታወሪ።"

"ምኑን?"

"ሐይቁን ከረገጥኩ አርባ ዓመት ሆነኝ።"

ያኔ ፖስታ ተሸክማ ወደ ማዶ ስታቋርጥ ግግሩ ከእግሯ ሥር ተከፈተ። እስከ ብብቷ ገባች። በኪሷ ቢላዋ ስለነበራት ግግሩን እየወጋች፣ በሆዷ እየተሳበች ወጣች። ደብዳቤዎቹን አድርሳ፣ ልብሷ እላይዋ ላይ በብርዱ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ እየተንኳኳ ቤቷ ገባች። ለባሏም አልነገረችም። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር በመኪና መንገዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ትዞር ነበር።

"ታዲያ ይቅርብን" አልኳት።

"ሲክስተንን አላየሽውም? ሰውየው እዚያ ቤት ውስጥ እያለቀ እኮ ነው።"

ዘንጉን አነሳችና ግግሩን መታችው፤ አንድ እርምጃ ሄደች። መታችው፤ ሌላ እርምጃ ሄደች። እኔ ዱካዋን እየረገጥኩ ተከተልኩ። ከሥራችን ድንጋዩና የውኃ ሣሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቆምነው ባዶ ላይ ነው የሚመስለው። መሐል ስንደርስ ከሩቅ ማዶ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተነሥቶ ከእግራችን ሥር አለፈ። ተቀመጥኩ። ጉንቮር ግን ዓይኗን ጨፍና እንደቆመች ቀረች።

"ብርዱ ሲጠና ነው እንዲህ የሚጮኸው፤ ተሰነጠቀ ማለት አይደለም" አለች። ለእኔ ትንገር ለራሷ አላወቅሁም።

ስንሰረስር ውፍረቱ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ሆነ፤ ይበቃል። ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ግን አራት ብቻ ነው። እዚያ የጥድ ቅርንጫፍ ደርድራ አጠረችው።

ረቡዕ አሥራ ሰባት ሰው መጣ። ሲክስተን ጺሙን ተላጭቶ፣ የሚስቱን ቀይ ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። ጉንቮር እያንዳንዳችን አንገት ላይ ሁለት ወስፌ በገመድ አንጠለጠለችልን፤ የወደቀ ሰው ግግሩን ወግቶ የሚወጣባቸው ናቸው። እኛ እየተንሸራተትን እንደ ልጅ ስንሳሳቅ እሷ ዳር ቆማ እየደጋገመች ትቆጥረን ነበር። ረቡዕ ጠዋት ምግብ አፏ እንደማይገባ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ሞቅ አለ። ጉንቮር ለክታ ውፍረቱ እንዳልተነካ አየች፤ ቅርንጫፎቹን ግን ወዲህ አቀረበቻቸው። "ዛሬ ከዚህ ያለፈ ሰው ከእኔ ጋር አይመጣም" አለችን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነፋስ መጣና የሲክስተንን ሻርፕ ወሰደው። ሻርፑ በቅርንጫፎቹ መሐል ሾልኮ አለፈ። ሲክስተን ተከተለው።

"ሲክስተን፣ ተመለስ" ስትል ሰማኋት። አልጮኸችም። ግግሩ ሲሰበር ድምፁ እንደ ሰሃን መሰበር ያለ ነበር፤ ቀና ስል የሚታየው ጭንቅላቱና እጆቹ ብቻ ናቸው።

እግሬ አልታዘዘኝም። የማንኛችንም እግር አልታዘዘም። ጉንቮር የገመዱን ጫፍ እጄ ላይ ወረወረችና "ያዢ፤ ማንም እንዳይከተለኝ" ብላ በሆዷ ተኛች። እየተሳበች ሄደች። ግግሩ ከሥሯ ሲጎብጥ፣ ውኃው ላዩ ላይ ሲፈስስ አየሁ። ስትሄድ ጮክ ብላ ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰች ሄደች።

"ወስፌዎቹን ሲክስተን፤ ውጋው። እግርህን አንሣና እንደ ዋናተኛ ምታ።"

"እጄ አልሰማ አለኝ።"

"ይሰማሃል። እኔንም ሰምቶኛል።"

ገመዱን ወረወረችለት። ሁለት ጊዜ አመለጠው። በሦስተኛው ክንዱ ላይ ጠመጠመው፤ አንዱን ወስፌ ሰካ፤ ሌላውን ሰካ። አሥራ ስድስታችን ሳብን። እንደ ትልቅ ዓሣ ተንሸራቶ ወጣ፤ እሷም ከጎኑ እየተንከባለለች ተመለሰች። ኮታችንን አልብሰን ወደ እኔ ሱቅ ወሰድነው። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ሻርፑስ?" አለ።

ጉንቮር ሦስት ቀን በሯን አልከፈተችም። በአራተኛው ሱቄ መጣችና ሰው ባለበት ሁሉን ተናገረች፤ የአርባ ዓመቱን ጭምር።

"እየፈራሁ ነው የመራኋችሁ። አሁንም እፈራለሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ" አለች።

ሲክስተን ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። "እኔ የማይፈራ ሰው ነበርኩ፤ የት እንዳደረሰኝ አይተሻል" አላት። ቀጥሎ ረጋ ብሎ፣ "ዘንጉን መምታት አስተምሪኝ። ብቻሽን አትለኪውም" አለ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው ይወርዱ ነበር። እሷ መፍራቱን አልተወችም፤ እሱም ውኃው ውስጥ ከገባ ወዲህ የግግሩ ድምፅ ሲነሣ ክንዷን ይይዛል። ማርች ዘጠኝ ቀን፣ ረቡዕ፣ ሁላችን ዳር ቆመን ሳለ ዘንጉ በመጀመሪያው ምት ግግሩን በስቶ ወደ ታች አለፈ። ጉንቮር ወደ እኛ ዞረችና ባለስለት ጫማችንን እንድናወልቅ ነገረችን። ያን ረቡዕ አሥራ አራት ሆነን በመኪና መንገዱ፣ በጭቃው፣ በእግራችን ሄድን።