ለአንድ ሰው የተፈረመ ባንድ

ከድሬ የወጣሁ ማታ፣ ማታ ልበለው እንጂ ገና የመግሪብ አዛን አልተባለም ነበር፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ቆሜ አብዲን እጠብቅ ነበር። ሌላው ስደተኛ ሲያወራ አገሬን ስለቅ አለቀስኩ ይላል። እኔ ዋላሂ አላለቀስኩም፤ ፈራሁ። የፈራሁትም ያን ማታ ብቻ አይደለም፣ እንዲያው ለመሄጃ ስንቅ የያዝኩት ፍርሃቱን ነው ብላችሁ እመኑኝ።

አብዲን ላስተዋውቃችሁ። አብሮ አደጌ ነው፣ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እነሱ ቤት ሶማሊኛ ነው የሚወራው፤ ሶማሊኛ የለመድኩትም እናቱ እየሳቁብኝ እዚያ ነው። እኔ ጊታር እመታለሁ፣ እሱ ቦንጎ ይመታል፣ ከቦንጎው ይልቅ ግን የሚታወቀው በጭብጨባው ነው። የአብዲ ጭብጨባ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች። ሰርግ ቤት ውስጥ ሰዉ ልጁ ረሳው እንዴ ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ጧ ትላለች፣ ያኔ የሽማግሌው ትከሻ ሳይቀር ይነሳል። እኔና እሱ ከሌለን ሰርጉ ሰርግ አይመስልም ይሉ ነበር፤ ጉራ አይምሰላችሁ።

በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና የሚደረገው አፈሳ በርትቶ ነበር። አንድ እሁድ አፋሾቹ እኛ ከምንጫወትበት ዳስ ገብተው ሙሽራውን ትተው ሚዜዎቹንና የሙሽራዋን ወንድም ጭነው ሄዱ። ሙሽራዋ ቬሏን እንደለበሰች መኪናውን ስታባርር አየኋት። በሳምንቱ ቀበሌያችን የእኔንና የአብዲን ስም ጠራ። አብረን ልንወጣ ተማማልን።

አብዲ መጣ፣ ግን ሻንጣ አልያዘም።

«አቦ ጀማል፣ አንተ ሂድ» አለኝ። «እማ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ከእኔ ሌላ ውሃ የሚያቀብላት ማን አላት?»

«አንተስ?»

«እከተልሃለሁ። አንተ ቦታ ያዝልኝ፣ ሌላ ምንም አልልህም።»

እሺ አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? ሰዓት እላፊው እየደረሰ ነው፣ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ጊታሬን በጆንያ ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ጀልዴሳ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ከግመል ነጂዎች ጋር በእግር ሄድን። መንገድ ላይ አንድ ወታደር ጆንያውን በጠመንጃው አፍ ነካ ቢያደርገው የጊታሩ ክር ድን አለ። ግመል ነጂው «ማገዶ ነው» ሲለው ወታደሩ «ያንተ ማገዶ ይዘፍናል እንዴ?» አለና ሳቀ። ራሱም ልጅ ነበር፣ ታፍሶ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጅቡቲ ገባሁ። እናንተ ድሬ ይሞቃል ትላላችሁ። ድሬ እኮ ሲመሽ ነፋስ ትለቅልሃለች፣ አልጋህን ግቢ አውጥተህ ትተኛለህ። እዚህ ቫንቲላተር ፊት ስትቆም እሳት የሚያራግቡብህ ነው የሚመስልህ። ዳቦው ክንድ ያክላል፣ ሲነጋ ያወጡታል፣ ማምሻውን ዱላ ይሆናል። ሻያቸው ስኳር የበዛበት ነው፣ የግመል ወተት ጠብ የተደረገበት የድሬ ሻይ በዓይኔ እየሄደ መከራዬን አየሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ቀን ቀን ከድሬ የሚመጣው የጫት አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ ሲሰማ ከተማው ሁሉ ብድግ ይላል። ባለሥልጣኑ፣ ፖሊሱ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም በፍቅር ይቀበለዋል። ያ ጫት የበቀለው ከእኔው አገር ነው፤ እሱ ያለ ካርት ይገባል፣ እኔ በየጥጉ እደበቃለሁ።

ካርት የሚሉት የመኖሪያና የሥራ ወረቀቱን ነው። እሱ የሌለውን ሰው ራፍል ይወስደዋል። ራፍል ማለት የእነሱ አፈሳ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። የተያዘውን ባቡር ላይ ይጭኑታል። ባቡሩ የሚያደርሰው ደግሞ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ድሬ ጣቢያ፣ ከሚጠብቁህ ሰዎች እጅ። እንቅልፍ አጣሁ። በር ሲንኳኳ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ የምወጣ ሰው ሆንኩ።

አላህ ሲረዳኝ ማዳም የምትባል የሆቴል ባለቤት አገኘሁ። ሆቴሏ ማታ ማታ የፈረንሳይ ወታደሮች የሚጠጡበት ቤት ናት። ጊታሬን ሰማችና ወደደችው፣ ራሷ ይዛኝ ወደ ካርት ቢሮ ሄደች። ሹሙ ወፍራም፣ ጉንጩን በጫት የወጠረ ሰው ነው። በሶማሊኛ አናገረኝ።

«ሥራህ ምንድነው?»

«ጊታር እመታለሁ።»

«ጊታር የሚመታ የአገሬ ልጅ ሞልቷል። ሕጉ ምን ይላል መሰለህ፣ እዚህ አገር የማይገኝ ሙያ ካለህ ነው የምፈርምልህ።»

ማዳም ቀበል አድርጋ «ይሄ ልጅ ብቻውን ባንድ ነው» አለችው። ደንግጬ ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ብቻውን ባንድ?» አለ ሹሙ። «እንግዲህ ሐሙስ መጥቼ አያለሁ። ባንድ ከሆነ እፈርማለሁ። ካልሆነ ባቡሩ ቅርብ ነው።»

ስንወጣ «ማዳም፣ ምን ጉድ ውስጥ ነው የከተትሽኝ?» ብላት «ድምፅ ይዞ የሚደጋግም ዕቃ አለ፣ ከሙዚቃ ዕቃ ሻጩ ከሐጂ ሱቅ ምረጥ፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሐጂ ድሬ ተወልዶ ያደገ የመናዊ ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። ሁለት ዕቃ አወጣልኝ። አንዱ ሻንጣ የሚያክል ሳጥን ነው፣ ውስጡ የካሴት ክር ይዞራል፣ የተጫወትከውን ይይዝና ይመልስልሃል፤ የሚሠራው በእጅ ነው። ሌላው መዳፍ የምታክል ብረት ናት፣ ፔዳል ይሏታል። በእግር ስትረግጣት የሁለት ጭብጨባ ያህል ድምፅ ትይዛለች፣ ያንኑ እየደጋገመች ትቆያለች፤ ደግመህ ስትረግጣት ዝም ትላለች።

ትልቁን ሞከርኩት። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ የሰው ድምፅ የመሰለ ነው፣ ልቤ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ግን ክሩ በሙቀቱ ላላ መሰለኝ፣ ጭብጨባዬ እንደ ሰካራም ምላሱ እየተሳሰረ መጣ።

«የቱ ይሻላል ሐጂ?»

«ለድምፅ ትልቁ። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ወርቅ ነው።»

«ለመሸከምስ?»

«ወዴት ልትሸከመው?»

«ራፍል ሲመጣ ልሮጥበት ነው።»

ሐጂ መነጽሩን አወለቀ። «አንተ ልጅ፣ የምትመርጠው የሙዚቃ ዕቃ ነው ወይስ ጫማ?»

ምን ላድርግ፣ እውነቴን ነበር። ሰው ዕቃ ሲመርጥ ጆሮውን ያዳምጣል፤ እኔ እግሬን አዳመጥኩ። ትንሿን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ክፍሌ ገብቼ ልለማመድ ስል ጉዴ ፈላ። እኛ ድሬ ጊታር ስንማር ምት የሚያስጠብቀን አስተማሪ አልነበረም፣ መሬቱን በእግራችን እየመታን ነው የተማርነው። ቀኝ እግሬ ከጣቶቼ ቀድሞ ነው የሚጫወተው። ታዲያ ፔዳሏን ረግጬ ጭብጨባዬን አስይዤ ጊታሬን እንደጀመርኩ እግሬ በልማዱ ጧ ያደርጋታል፣ ዝም ትላለች። ጧ፣ ትጀምራለች። ጧ፣ ዝም። ዘፈኑ ተበጣጥሶ ቀረ። እግሬን በሽርጤ ከአልጋው ጋር አሰርኩት፤ አልጋው አብሮኝ መነቅነቅ ጀመረ። ሐሙስ ደግሞ እየደረሰ ነው።

መላው የመጣልኝ ደክሞኝ መሬት ላይ ስቀመጥ ነው። በርጫ ላይ ጫት ስንቅም እንዴት ነው የምንቀመጠው? ግራ እግራችንን እናጥፋለን፣ ቀኝ ጉልበታችንን እናቆማለን። እንዲያ ስቀመጥ እግሬ መሬት መምታቱን ተወ፣ ሰውነቴ ለካ ወሬ ሊሰማ እንጂ ሊጫወት አልተቀመጠም። ፔዳሏን ካጠፍኩት ጉልበቴ ሥር አደረግኋትና በጉልበቴ ተጫንኳት። ያዘች። ጊታሬን ብመታ ብመታ አልተቋረጠችም።

ሐሙስ ሹሙ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ማዳም ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፣ ወታደሮቹ ሳቁ። ፔዳሏን ተጫንኩና አጨበጨብኩ፣ ግን ከፍርሃት የተነሳ ጭብጨባዬ ቸኮለች። ማሽን ደግሞ ምን ያውቃል፣ ያንኑ ፍርሃቴን ደጋግሞ ለሰዉ ያሰማ ጀመር። አጠፋሁት። ሹሙ ሰዓቱን አየ። ያኔ አብዲን አሰብኩት፣ እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚያስጠብቅ። እንደገና ተጫንኩ። አንዷን መታሁ፣ ሁለተኛዋን ያዝኳት፣ ያዝኳት፣ ማዳም ዓይኗን ስትጨፍን አየኋትና ለቀቅኋት። ጧ። አብዲ እዚያ ክፍል ውስጥ የገባ መሰለኝ። በላዩ ላይ ጊታሬን ጀመርኩ። ሳቁ ቆመ፣ አንዱ ወታደር ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር።

ሹሙ ብድግ አለ። ወደ እኔ አልመጣም፣ መጋረጃውን ገለጠ። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ።

«የሚያጨበጭበውን ሰው አውጣ» አለኝ።

«ሰው የለም ሙሴ» አልኩት፤ እዚያ ጌታዬ ማለት ነው።

«ካርት የሌለው ሰው ደብቀሃል። እኔ ጆሮ አለኝ፣ ይሄ የአንተ እጅ አይደለም።»

እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ፔዳሏን ከጉልበቴ ሥር አውጥቼ «ይርገጧት» አልኩት። በጫማው ረገጣት፣ ጭብጨባው ቆመ። ሳቀ፣ ሳቁም አስፈራኝ። ካርቱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። «አንድ ሰው ብዬ ነው የፈረምኩት» አለኝ። «አጠገብህ ሁለተኛ ሰው ካየሁ አንተ ተራ ጊታር መቺ ነህ። እቀደዋለሁ፣ ሁለታችሁንም እጭናችኋለሁ።»

ካርቱን ይዤ ፖስታ ቤት ሄድኩና ወደ ሰፈራችን ሱቅ ደወልኩ። ባለሱቁ አብዲን ጠራልኝ። ስልኩ እንደሚደመጥ እናውቃለን፣ ስም አልተጠራራንም።

«ወሪያ» አለኝ፣ አንተ ልጅ እንደማለት። ድምፁ ሩቅ ነበር። «እማ አረፈች።»

ኢና ሊላሂ አልኩ። ሶማሊኛ ያስተማሩኝ እናት ናቸው።

«አሁን የሚይዘኝ የለም» አለ። «ቀን ጣሪያ ላይ ነው የምውለው፣ ትናንት አጥራችን ድረስ መጥተው ነበር። ቦታ ያዝክልኝ?»

«አንድ ቦታ ነው ያለው።»

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«ማን ያጨበጭብልሃል?»

«ማሽን። እንዳንተ አድርጌ አስተምሬዋለሁ።»

«ይዘገያል?»

«ይዘገያል።»

«አቦ፣ እኔማ ገብቻለሁ በለኛ» አለ፣ ሳቀም። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቢመጣ የሚሆነውን፣ ሹሙ ያለኝን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ፣ አንተ እዚያ ነህ፣ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «ልምጣ ወይስ ልቅር?»

አብዲ ና ካልኩት የሚመጣ፣ ቅር ካልኩት የሚቀር ሰው ነው። የፖስታ ቤቷ ልጅ ሰዓትህ አልቋል ብላ መስኮቱን አንኳኳች። እሱ ስልኩን አልዘጋም፣ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ እየጠበቀኝ ነው። አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።