ልደታን የከፈለው ችካል
ልጅ ሳለሁ ጣሊያኖች የልደታ ሰፈራችንን፣ የአባታቸው ርስት ይመስል፣ መሃል ለመሃል ችካል ተክለው ለሁለት ከፈሉት። ለየወገኑ ሹም አደረጉለት፤ ያለ ፈቃድ ወደ ማዶ መሻገርም ተከለከለ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከችካሉ ማዶ የቀሩት የልብ ጎረቤታችን ልጃቸው ሞተባቸው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ዘበኛው፣ «ያ ያንቺ ሰፈር አይደለም» ብሎ መለሳት። እዚያው ችካሉ አጠገብ ቆማ ብቻዋን አለቀሰች። ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ናቸው፤ መምጣቷን ማን ይንገራቸው?

ጣሊያን ወጣ። ችካሉን ነቅለን ማገዶ አደረግነው። በዓመቱ አባቴ ሲሞት እናቴ በር በሩን ስታይ ዋለች። ከማዶ ግን አንድም ሰው አልመጣም። የሚመልሳቸው ዘበኛ እኮ አልነበረም።