ስለ ሌላ ሰው አቤት አይባልም

ተማሪ ሳለሁ ስም ሲጠራ ድምፄ አይሰማም ነበር። በደብረ ታቦር ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ መምህሩ ስሜን ይጠራሉ፤ እኔ «አቤት» እላለሁ፤ እሳቸው ደግመው ይጠሩኛል። በሁለተኛው ጥሪ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «አለች፣ መምህር» ትልልኛለች። እሷ የቀረች ቀን እኔም በመዝገቡ ላይ ቀሪ ነኝ። አንድ ሳምንት እሷ ታማ ስትተኛ እኔ አንድም ቀን ሳልቀር አምስት ቀን ቀሪ ተብዬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። አለመቅረቴን መናገር አቃተኝ። ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጠበቁኝና «ድምፅሽን የት ደብቀሽው ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ፊታቸውን አላየሁም። ጫማቸውን ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ጥቁር፣ ማሰሪያው እኩል የተሳበ፣ መስተዋት የሚመስል።

ዐይነ አፋር ሰው መሬት መሬት ስለሚያይ ሰውን በጫማው ይለያል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሥራ ይጠቅማል ብዬም አስቤ አላውቅም።

በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ተምሬ ስመረቅ፣ ከደብረ ታቦር ቁልቁል ተወርዶ ወረታ ታልፎ፣ ጣና ዳር ጎብኚዎችን በሞተር ጀልባ ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ አነስተኛ ማኅበር ቀጠረኝ። እናቴ አልወደደችውም። «የደጋ ልጅ ውሃ ላይ ምን ልትሆኝ ነው? ዋና እንኳ አታውቂ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው፤ ያስተማሩኝም ካፒቴናችን ናቸው።

ካፒቴናችን በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ ጅቡቲ ገብተው፣ አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ለመዝናናት ባሕር ሥር የሚገቡ እንግዶችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ዓመታት ሠርተዋል። ሲያረጁ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጣና ላይ ጀልባ ያዙ። ወሬ አያበዙም። ስለዚያ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር።

«ጠላቂ ውሃ ውስጥ ከገባ አይታይም። ስለዚህ የጀልባው ሰው ዋና ሥራ መንዳት አይደለም። ማን እንደወረደ፣ ማን እንደተመለሰ ማወቅ ነው። ስም ይጠራል፤ ባለስሙ በራሱ አፍ ይመልሳል። ስለ ሌላ ሰው አቤት አይባልም።»

«ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ቢሆንስ፣ ጋሼ?»

«ጓደኛው ዝም ይበል። አንድ ቀን ሰዎቹ ፎጣውን መቀመጫው ላይ አይተው ‹አለ› አሉን። እኛም ሄድን። ሰውየው ባሕሩ ላይ ነበር።» የገመዱን ቋጠሮ አጠበቁ። «በሕይወት አገኘነው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ከማንም ጋር ጀልባ አልወጣም።»

መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ። ስም ጠሪ ሆንኩ፤ ከሰው ሁሉ እኔ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥር ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር የጡረተኛ መምህራን ቡድን ለጉብኝት መጣ። ከአውቶቡሱ መጀመሪያ የወረደው ጥቁር ጫማ ነው። ቀና ሳልል አወቅኋቸው። ርዕሰ መምህሬ አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ ጫማቸው ግን ያው ነው። እኔን አላወቁኝም። እኔም ተማሪዎ ነበርኩ አላልኩም።

ከመጨረሻዎቹ ጋር አንዲት አሮጊት ወረዱ። እሳቸውንም አወቅኋቸው። የትምህርት ቤታችንን ደወል ይመቱ የነበሩት እትዬ ናቸው። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ እትዬ በብረት ሲመቱት ገበያው ድረስ ይሰማል። አብሯቸው የመጣችው የወንድማቸው ልጅ መምህርት ነበረች፤ በእሷ ምክንያት ነው የተጋበዙት። ያደረጉት ጥቁር ኮንጎ ጫማ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ሰዎቹን ከማሳፈሬ በፊት ልቆጥር ጣቴን ቀሰርኩ። አንዲት ወይዘሮ ፊቷን አዞረች።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው አይቆጠርም። ደግ አይደለም።»

«በግ መስለንሽ ነው?» አለ አንድ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው። «እኔ አርባ ዓመት ቆጥሬ ሰለቸኝ፤ አንቺ ገና አሁን ጀመርሽ።»

ሳቁ። ጣቴን አጥፌ መዝገቡን ከፈትኩና በየስማቸው ጠራኋቸው። ሃያ ሁለቱም መለሱ። ድምፄ እንዲሰማ ካፒቴኑ ሞተሩን እንዳጠፉት ያስተዋልኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ሰውን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት አደልኩ። ችግሩ ጋቢ ነው። የደጋ ሰው ጋቢውን አውልቅ ቢሉት ቆዳውን ግፈፍ የተባለ ይመስለዋል። በጋቢ ላይ ደግሞ ጃኬቱ አይታሰርም። ርዕሰ መምህሩ በኮታቸው ላይ ሊለብሱት አልፈለጉም።

«እንደ ሕፃን ታዝዬ ልሂድ?»

«መምህር፣ ሁሉም ይለብሳል» አልኳቸው፤ ለጫማቸው።

«ምን አልሽ?»

እትዬ በዚህ መካከል ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ ጃኬቱን አጥልቀው፣ ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ ነበር። «ይልበሱት፣ መምህር። ይሞቃል። ይኼ ጉና ተራራ ሥር ቢኖረኝ ኖሮ ስንት ዓመት ባልተንቀጠቀጥኩ።» ሁሉም ሳቀ፤ ርዕሰ መምህሩም ለበሱ። እኔም ማሰሪያውን ሳብ አድርጌ አጠበቅኩላቸው፤ ጫማቸውን እንደሚያስሩት እኩል አድርጌ።

ጣና ጠዋት እንደ ዘይት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በፊት ከደሴቱ መነሣት ግድ ነው። ይህንን ስንሳፈርም ስንደርስም ነገርኳቸው። ደሴቱ ላይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አብሬያቸው ወጣሁ። ጫማቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ አወለቁ፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሥዕሎቹን አይተው፣ ተሳልመው ሲወጡ ጫማ ሲያጠልቁ አየኋቸው። ካፒቴኑ ጀልባውን እንዳዘጋጅ ስለጠሩኝ ቀድሜያቸው ወረድኩ። ስህተቴ ይህ ነበር፤ መጨረሻ መውረድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ማንም ይጥራኝ ማን፣ ከሰው ኋላ ነው የምወርደው።

ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሰዎቹ በሁለት በሦስት ሆነው ወርደው ተሳፈሩ። ከምዕራብ በኩል ውሃው መጥቆር ጀምሯል። መዝገቡን ከፍቼ ጠራሁ። ሁሉም ቸኩለው ነበርና «አቤት»ው እየተደራረበ መጣ። የእትዬን ስም ስጠራ የወንድማቸው ልጅ ከፊት ሆና «አሉ፣ አሉ» አለችኝ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ሰው «አሉ፣ ጃኬታቸው ይኸው» አለ።

አየሁ። ጃኬቱ ጠዋት ተቀምጠውበት በነበረው ቦታ ላይ ተጣጥፎ፣ ጋቢያቸውም በላዩ ተደርቦ ተቀምጧል። ስሙ ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን አወረድኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ወለሉን አየሁ። በየወንበሩ ሥር ያለውን ጫማ ሁሉ አየሁ፤ ቆዳውን፣ ሸራውን፣ ሰንደሉን። ቀይ ክር ያለው ኮንጎ የለም።

«እትዬ የሉም» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሞተሩ ተነሥቷል።

«እትዬ የሉም፣ ጋሼ» አልኩ፤ ደገምኩት።

ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፉት። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ዞሩ። «ልጄ፣ አሉ ተባለ እኮ። ነፋሱ መጣ። ከስድስት ሰዓት በፊት እንነሣ ያልሽን አንቺው ራስሽ ነሽ።»

እውነት ነበር። የራሴ ሕግ ከራሴ ሕግ ጋር ተጣልቶ ቆመ። ዘግይተን ብንነሣ ሃያ አንዱን ሰው ማዕበል ውስጥ ልከት ነው፤ አሁን ብንነሣ አንድ ሰው ይቀራል። ተሳስቼም ከሆነ፣ እትዬ ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ብቅ ቢሉ፣ ከዚያ በኋላ እኔን የሚሰማኝ አይኖርም። ወደ ካፒቴኑ ዞርኩ፤ እሳቸው እንዲናገሩልኝ ነበር የፈለግኩት።

«መዝገቡ በማን እጅ ነው?» አሉኝ።

«በእኔ።»

«እንግዲያው ሞተሩም በአንቺ እጅ ነው።» እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ቆምኩ። ቀና አልኩ። ሃያ አንድ ፊት ያየኛል። «እትዬ» ብዬ ከነስማቸው ጠራሁ። ድምፄ ውሃውን ተሻግሮ በዳርቻው ከበቀለው ደንገል ሲመለስ ሰማሁት፤ የእኔ አልመሰለኝም። «ስማቸውን የምጠራው ለእሳቸው ነው። ማንም እንዳይመልስልኝ።»

ዝም ተባለ። ጀልባው ብቻ ከድንጋዩ ጋር ይላተማል።

የወንድማቸው ልጅ ተነሣች። «ወይኔ። ጃኬቱን እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው። ቁልቁለቱን ይዘው እንዳይቸገሩ ብዬ። ጋቢያቸውንም።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከኋላዬ ነበሩ።»

ለትልቅ ሰው ዕቃ መያዝ ደግነት ነው፤ እኛ ጋ ያልያዘ ነው የሚወቀስ። በዚያ ደግነት ጃኬቱ ተሳፍሮ ሰው ቀርቷል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወረድ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ እኛ ጀልባ ነው፤ ሌላው መነኮሳቱ የደንገል ታንኳቸውን ወደሚያቆሙበት ይወስዳል። ካፒቴኑና የእትዬ የወንድም ልጅ ወደ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲሄዱ፣ የቀሩት ከጀልባው እንዳይንቀሳቀሱ ነገርኩ። ሁለተኛውን መንገድ ለእኔ ወሰድኩ። ርዕሰ መምህሩ ሳይጠይቁኝ ተነሥተው ተከተሉኝ። «ከጀልባው እንዳይወርዱ ብያለሁ፣ መምህር» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉና መከተላቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ታንኳዎቹ ጋ፣ አንድ ድንጋይ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ነፋሱ ነጠላቸውን ይጎትተዋል። በእሳቸውና በእኛ መካከል ውሃ የተኛበት ረግረግ ነበር፤ እሳቸው በላይኛው በኩል ዞር ብለው ነው የገቡት።

«ምነው ቆያችሁ?» አሉን። «የወረድነው እዚህ አልነበረም እንዴ?»

«አይደለም፣ እትዬ። በዚያኛው ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰዎቹ ሥዕል ማየት አይጠግቡም ብዬ አማሁ።» ከዚያ ርዕሰ መምህሩን አዩና ፈገግ አሉ። «ዛሬ ደወሉን የሚመታ ጠፍቶ ነው፣ መምህር።»

ርዕሰ መምህሩ ሱሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ረግረጉን ቀጥ ብለው ተሻገሩና እጃቸውን ሰጧቸው። ሲመለሱ እትዬን በደረቁ በኩል አድርገው፣ እሳቸው በጭቃው ሄዱ።

ጀልባው ጋ ስንደርስ ነፋሱ አይሎ ነበር። ካፒቴኑ ውሃውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ አልተሻገርንም። ነፋሱ እስኪበርድ ደሴቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ተቆጣ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ግን የጠየቅኩት ቀድሜ ስለወረድኩ እንጂ ስላስቆምኳቸው አልነበረም። ያንን ለይቼ ነው የተናገርኩት። የሒሳብ መምህሩ የበሶ ጭብጦ ከቦርሳው አውጥቶ ለሁሉም ሲያካፍል ለእኔ ሁለት አደረሰኝ። «ቆጥሬ ነው የሰጠሁሽ» አለኝ።

ውሃው ሲረጋ እንደገና ስም ጠራሁ። በዚህኛው ዙር አንድ ሰው ስለ ሌላው አልመለሰም። አንዱ ለሚስቱ ሊመልስ አፉን ቢከፍት በክርኗ ጎሰመችው። እትዬ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው አስረው «አቤት» ሲሉ፣ ያኔ በቸርኬው ላይ እንደነበረው ያለ ድምፅ ወጣቸው። ርዕሰ መምህሩን የጠራኋቸው መጨረሻ ነው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ፣ «አቤት» አሉኝ።

በሰላም ደረስን። መጨረሻ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ ቀሩ።

«የትኛው ትምህርት ቤት ነው የተማርሽው?» አሉኝ።

«የእርስዎ፣ መምህር።»

ለማስታወስ ሲሞክሩ ቆዩ። ያስታወሱኝ አይመስለኝም፤ ድምፅ ያልነበራትን ልጅ በምን ያስታውሷታል? «ጥሩ ነው» ብቻ አሉኝና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

ካፒቴኑ ገመዱን እያሰሩ፣ ሳያዩኝ፣ «ነገ ጠዋት ስምንት ሰው አለን» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ምስጋና እንደሆነ ገብቶኛል። መዝገቡን ፕላስቲኩ ውስጥ ከተትኩና ወደ አውቶቡሱ አየሁ። ርዕሰ መምህሩ ደረጃው ላይ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆመዋል። ጥቁሩ ጫማቸው እስከ ማሰሪያው ድረስ ጭቃ ነው፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።