አውሮራ ላይ የማይወድቅ ደመራ

ከአገር የወጣሁት በደመራ ማታ ነው። ደብረ ዘይት የሰፈራችን ደመራ ሲለኮስ ሻንጣዬ መኪና ላይ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዘው «ሲወድቅ አይተህ ሂድ» አሉኝ። ሾፌሩ ግን «አባባ፣ አዲስ አበባ መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ቦሌ የምንደርሰው ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነው፤ ፕሌኑ ደግሞ ደመራ አይጠብቅም» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ደመራው ቆሞ እየነደደ ትቼው ወጣሁ። ወዴት እንደወደቀ አባቴ በስልክ ሊነግሩኝ ቃል ገቡ። ዴንቨር ገብቼ ስጠይቃቸው «ጭሱ ብዙ ነበር፣ አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህም ስለዚያ ማታ በየዓመቱ ስጠይቃቸው ያንኑ ነው የሚሉኝ።

አባቴ የደመራ አወዳደቅ የዓመቱን ነገር ይናገራል፣ ወደ ምሥራቅ ከወደቀ ዓመቱ ደግ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ አላምንም። ግን ጋዜጠኛ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ አቅጣጫውን ዜናው ውስጥ ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም።

አሁን ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። ይህ አገር የሁሉንም በዓል አከብራለሁ ይላል። የእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ የአይሁዶች መቅረዝ፣ የሕንዶች ኩራዝና የሙስሊሞች ጨረቃ በአንድ ፖስተር ታትመው ተለጥፈዋል። ለገና ፈቃድ ስጠይቅ ግን አለቃዬ ብሪያን ፖስተሩ ሥር ተቀምጦ «ክሪስማስ እኮ አለፈ፤ ኦፍ ወስደሃል» አለኝ።

«ያ የእናንተ ነው። የእኛ ገና ነው።»

«ሁለት ክሪስማስ ለሌሎቹ ፌር አይደለም።»

ፖስተር መለጠፍ ወጪው ትንሽ ነው። እነሱ ጁላይ ፎር፣ በነፃነት በዓላቸው ላይ በየደጃፉ ርችት ሲተኩሱ ሣሩ ደረቅ መሆኑ ትዝ የሚለው የለም። የከተማው ሕግ ርችት ክልክል ነው ይላል፤ ሰማዩ ግን እስኪነጋ ይጮኻል። በጥቅምት የምኖርበት የግሌንዴል ሰፈር ጎረቤቴ ለሃሎዊን በዓላቸው በረንዳው ላይ የፕላስቲክ አጽም ሰቅሎ ሰነበተ። ስለ አጽሙ የጠየቀው ሰው የለም።

ባለፈው ነሐሴ ላይ አባቴ ስልክ ላይ እንዲህ አሉኝ፤ «እግሬ ከቤት አያወጣኝም። ደመራውን አንተ እይልኝ። ወዴት እንደወደቀ ንገረኝ። ልታስደስተኝ ብለህ ግን እንዳትዋሸኝ።»

ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ በዓልን ሁሉ ወደ ዊኬንድ መግፋት የለመደ ነው። ደመራው ዓርብ ዋለ። ሊቀ መንበሩ «ቅዳሜ ይሁን፤ ሰዉም ኦፍ ነው፣ ፓርኪንግም ይገኛል» አለ።

ጋሽ ተስፋይ ተነሡ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረውት ከኮሚቴው ሁሉ አሳምረው ይናገሩታል፤ ታክሲ ይነዳሉ። «ቅዳሜ እኮ መስቀል ነው» አሉ። «ንግሥት ዕሌኒ ጭሱን ያጨሰችው መስቀሉን ፍለጋ ነው። እናንተ ከተገኘ በኋላ ልታጨሱ ነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩ ቀላ። ዓርብ ሆነ። ከሁሉ ጮክ ብዬ ስለሳቅሁ ለቅጣት ይመስላል፣ ከከተማው የእሳት ፈቃድ እንዳመጣ እኔን ላኩኝ።

የእሳት ኢንስፔክተሩ ትሑት ሰው ነበር፤ ትሕትናው ግን ከፎርሙ አያልፍም።

«እሳቱ ለምንድን ነው?»

«ለበዓል።»

«ምን ይበስልበታል?»

«ምንም። ይነዳል፤ ከዚያ ይወድቃል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወዴት ነው የሚወድቀው?»

«አይታወቅም። ሕዝቡ የሚሰበሰበው እሱን ለማየት ነው።»

በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ መልስ የሰማ አይመስለኝም። «ወዴት እንደሚወድቅ ለማይታወቅ እሳት ፈቃድ የለም» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምግብ የሚበስልበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው አለኝ፤ ከሦስት ጫማ ሳይበልጥ፣ በብረት ቀለበት ውስጥ፣ በሽቦ ታስሮ። «ሆት ዶግ ጥበሱበት።»

ስመለስ ለኮሚቴው ነገርኳቸው። «ሥጋ በዓርብ?» ብለው ጋሽ ተስፋይ አማተቡ። ከዚያ አሰብ አደረጉና «በቆሎ» አሉ። «መስከረም አይደለም እንዴ? እሸት ነው!»

ዓርብ ማታ ከቤንዚን ማደያ የገዛነውን፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ እንጨት ከወገባችን በታች ደመርነው። የአደይ አበባ ቦታ በሱቅ አበባ ተሸፈነ። ቄሱ ባረኩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆች «ዛትስ ኢት?» ተባባሉ። ከልጆቹ ጋር ተስማማሁ። ኢንስፔክተሩ ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ለካ፣ በቆሎውን ቆጠር ቆጠር አደረገና ፊቱ በራ። ጋሽ ተስፋይ አንድ ሰጡት።

«ቅቤ የለም?»

«ዓርብ ነው» አሉት።

ሳይገባው በላ። እኔ እሳቱን ብቻ እያየሁ ነበር። እንጨቱ በሽቦው መሐል ቁልቁል ረገበ፤ ወደ የትም ሳያዘነብል አመድ ሆነ።

ደብረ ዘይት ሲነጋ ደወልኩ። አባቴ ሰላምታዬን አላስጨረሱኝም። «ወዴት ወደቀ?»

ምሥራቅ ብላቸው ማን ያየኛል? ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«አልወደቀም፣ አባባ። በሽቦ አስረነው፣ ከወገቤ ሳያልፍ ቆሞ አለቀ። በቆሎ ጠበስንበት።»

ሳሉና «እውነቱን ነገርከኝ» አሉ። «እንግዲህ እኔም ልንገርህ። ያን ማታ ጭስ አልነበረም። መኪናህ እንደታጠፈች ወደቀ። ወደ ምሥራቅ ወደቀ፣ ልጄ። አንተ ወደ ምዕራብ እየሄድክ ነበር፤ እንዳይቆጭህ ብዬ ደበቅኩህ።»

«እኔ በዚህ እኮ አላምንም።»

«አውቃለሁ። ታዲያ ለምን በየዓመቱ ትጠይቀኛለህ?»

የእሳት ፈቃዱ ወረቀት ጭኔ ላይ ነበር። በጀርባው በኩል «ምሥራቅ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ መቼ ብዕር እንዳነሣሁ አላውቅም። ስልኩን እሳቸውም አልዘጉት፣ እኔም አልዘጋሁት።