ጥፋት በችርቻሮ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ጠረኑ ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ካልሲና የብርቱካን ልጣጭ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የመርካቶ ተሸካሚዎች «ገለል በሉ! ገለል!» ሲሉ ይሰማል። ከሱቄ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቄ ታሰርኩ።

ጎጃም በረንዳ ባለችው የደብተር ሱቄ ውስጥ መንግሥትን የሚነቅፍ አንድ እሽግ ወረቀት ተገኝቶ ነበር። የደበቅኩት እኔው ነኝ። መርማሪው «ማን ሰጠህ?» ሲለኝ ግን የጎረቤቴን ስም ጠራሁ። የእህል ጅምላ ነጋዴ፣ የወሎ ሰው፣ እንኳን እንዲህ ያለ ወረቀት ጋዜጣም የማያነቡ አዛውንት ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በጥፊ እንኳ አልተመታሁም፤ ፈራሁ፣ በቃ።

በማግስቱ እሳቸውን አምጥተው እኔው ክፍል አስገቧቸው። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ያ ነው የገደለኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ የማውቀው ሰው አገኘሁ!» አሉና ከቤት የተላከላቸውን ምሳ አካፈሉኝ። ያስያዛቸው የእህታቸው ባል መሆኑን አምነዋል፤ ተቀያይመው ነበር። «ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ ብዬ ልልክበት ነው» አሉኝ። እኔም ምሳቸውን መብላቴን ቀጠልኩ።

አርብ ሙስሊሞቹ እስረኞች ከሰገዱ በኋላ አፉ ተባባሉ። አንዱ «አፉ በለኝ» ይላል፣ ሌላው «አፉ ብያለሁ» ይላል፤ በደል በዚያው ይቅር ይባላል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም አጋጣሚው አመቸኝና ተጠጋሁ።

«ጋሼ፣ እኔንም አፉ ይበሉኝ።»

«ለምኑ?»

«እንዲያው... በሆነ ባልሆነው ላስቀየምኩዎ።»

ሳቁ። «ጅምላውን ለእኔ ተወው ልጄ። ጥፋት በችርቻሮ ነው የሚነገረው።»

ነገርኳቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ አላህን የሚያወሱበት ዚክር ቆመ።

«በእህቴ ባል ላይ ያን መልእክት ልኬበት ቢሆን ኖሮስ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለእኔ ነገርከኝ። ለእነሱስ?»

ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። ጠባቂው ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «ቃሌን ላርም» አልኩት። መርማሪው ፊት ቆሜ፣ ወረቀቱ የእኔ እንደሆነ፣ የእሳቸውን ስም የጠራሁት ፈርቼ እንደሆነ ተናገርኩ። ፈረምኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ተፈቱ። ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብለው «አፉ ብዬሃለሁ» አሉኝ። በማግስቱ በእሳቸው ሳህን ምሳ መጣልኝ፤ እስክፈታም አልተቋረጠም። ማን እንደሚያመጣው ጠባቂውን ጠየቅኩት።

«የእህታቸው ባል ነኝ ይላል» አለኝ።

ዛሬም ጎረቤታሞች ነን። አርብ አርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ሱቄ በር ላይ ቆም ብለው «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ያጠፋሁትን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ቀለል ይለኛል። አንዳንዴ «የዛሬው ሳምንት ንጹሕ ነው ጋሼ» ስላቸው ወንበሩን ስበው ይቀመጣሉ።

«አልቸኩልም፣» ይላሉ፤ «ደህና አድርገህ ፈትሽ።»